ዕድሜ ከጤና ጋር፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ናይሮቢው እድራችን

 የዚህ የማኅበራችን ሃያ አምስተኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠህ የሰዉን ሁሉ ትሰማለህና አንድ ነገር ጻፍልን» ባለኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ንግድ ለመጻፍ ነበር። ኋላ ግን የሱቄን በር ተመለከትኩ። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዘመን በዚያ በር ላይ የሚለጠፈው የሠርግና የክርስትና ጥሪ፣ የረመዳን ማፍጠሪያ ግብዣና የኳስ ጨዋታ ማስታወቂያ ነበር። ዛሬ ከሚለጠፈው ይበልጡ የሐዘን ወረቀት ነው። በ1983 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በሞያሌ በኩል ተሻግረን በዋልዳና በቲካ ካምፕ አልፈን ናይሮቢ የገባን ወጣቶች እነሆ ሸብተናል። ስለዚህ ስለ ጤናና ስለ እርጅና ልጽፍ ወሰንኩ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከአገር የወጣሁ፣ ኢስሊ ውስጥ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የምሸጥ ባለሱቅ ነኝ። የማቀርብላችሁ ከሽማግሌዎች የሰማሁትን፣ ያነበብኩትንና በሚዛኔ ላይ ያየሁትን ነው። አባቶቻችን ሲመርቁ «ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥህ» ይላሉ። ዕድሜ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጤና ብቻውንም እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ሁለቱን አንድ ላይ ይለምናሉ። የእኛም ታሪክ ይህን ምርቃት ለማግኘት የተደረገ ረጅም ትግል ነው።

ዕድሜ በበሽታ ሲቆጠር

አያቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ተወልዳ እዚያው አርጅታ የሞተች ሴት ናት። የተወለደችበትን ዓመት አታውቅም። ዕድሜዋን ስንጠይቃት «በኅዳር በሽታ ጊዜ ውኃ የምቀዳ ልጅ ነበርኩ» ትለን ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜ የሚቆጠረው በመቅሠፍት ነበር ማለት ነው።

የኅዳር በሽታ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያጠቃው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሲገባ በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ቀባሪ ስለጠፋ ሬሳ በየቤቱ ይቀር ነበር ይባላል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። ልጆቻችን የጭሱን ነገር ሲጠይቁን ይህን ብንነግራቸው መልካም ነው።

አያቴ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበረባት። ከፈንጣጣም ከኅዳር በሽታም ተርፋ ረጅም ዕድሜ ኖራለች። እኔም ልጅ ሳለሁ እሷን አይቼ «ድሮ ጤና ነበር» እል ነበር። ይህ ግን ስሕተት ነው። ከወለደቻቸው ዘጠኝ ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት አራት ብቻ ናቸው። እኛ የምናስታውሰው የተረፉትን ነው፤ ያልተረፉት አያት ሆነው የሚያወሩበት ዕድል አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ወደ 40 ዓመት አካባቢ ነበር። ይህ ማለት ሰው ሁሉ በአርባ ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት ሳይሆን ብዙ ሕፃናት ገና ሳይራመዱ ይሞቱ ስለነበር ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ዛሬ አማካዩ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል።

ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ሕክምና ጀመሩ፤ በኋላም በእቴጌ ጣይቱና በአፄ ምኒልክ ዘመን መገባደጃ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ሆኖም ሆስፒታል ለከተማ ሰው እንጂ ለገጠሬው ሩቅ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወባ ወደ ደጋው ወጥታ 3 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ አሳመመች፤ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀችም ይገመታል። ከዚያ እልቂት በኋላ ነው ወባን የሚከላከል መሥሪያ ቤት የተቋቋመው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ወደ ገጠር የሚወርዱ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር።

ፈንጣጣ ናይሮቢ ላይ ተሰናበተ

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ፈንጣጣ የሰው ልጅን በሺህ ዓመታት ሲፈጅ ኖሮ በመጨረሻ የተሸነፈው በእኛው አካባቢ፣ በአፍሪካ ቀንድ ነው። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከታቢዎቹ በበቅሎና በእግር ተራራ ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ቤት ለቤት ዞረዋል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 ኦጋዴን ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በኦክቶበር 1977 ሶማሊያ ውስጥ መርካ ከተማ ዓሊ ማው ማሊን የተባለ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመና ዳነ። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። ይኸው ሰው ኋላ ላይ ለልጆች የፖሊዮ ክትባት በመቀስቀስ ሲያገለግል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 አርፏል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ተጠበቀ። ጥቅምት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1979) የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀንድ ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑን ያወጀው እዚሁ ናይሮቢ ላይ ነው። እኛ ቡና የምንጠጣባት፣ በመኪና መጨናነቅ የምናማርራት ይህች ከተማ የአያቴን ፊት ያበላሸው በሽታ የተሰናበተባት ናት። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ናይሮቢ የሰው አገር መስላ አትታየኝም።

አያቶቻችን ምን ነበራቸው

ድሮ ጤና ነበር ማለት ስሕተት ነው ብያለሁ። ነገር ግን ከመቅሠፍቱ የተረፉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠንካሮች እንደነበሩ ሁላችንም አይተናል። የዚህ ምክንያቱ ተአምር ሳይሆን አኗኗራቸው ነበር።

አንደኛው እግራቸው ነው። አያቴ ገበያ የምትሄደው በእግሯ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም፣ ወፍጮ ቤትም በእግሯ ነው። ስፖርት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀስ ትውላለች። ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ በ40 ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ ዓለም ተደንቋል። በልጅነቱ በእግሩ ሲሄድ ላደገ ሰው ግን አርባ ዓመት እርጅና አልነበረም።

ሁለተኛው ማዕዳቸው ነው። ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይታቀባል። ሙስሊሙም ረመዳንን ይጾማል። ሥጋ የበዓል ነበር። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ግን የዘወትር ነበር።

ሦስተኛውን ባለሱቅ በመሆኔ ነው ያስተዋልኩት፤ እርሱም ጨው ነው። በአገራችን ጨው ገንዘብ ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ በየገበያው እንደ ብር ይመነዘር ነበር። ገንዘብ የሆነን ነገር ማንም በእፍኝ ወጥ ውስጥ አይጨምርም። አያቴ ጨው ስታወጣ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ነበር። ዛሬ በሱቄ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በጣም ርካሹ ጨው ነው፤ ማንም ዋጋውን ጠይቆኝ አያውቅም።

አራተኛው ጎረቤት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ሲጠራ አንዷ ከቀረች «ምን ሆና ነው?» ተብሎ ልጅ ይላካል። ታማም ከሆነ በዚያው ሰዓት ይታወቃል። አንድ አሮጊት ብቻዋን ወድቃ ሦስት ቀን የምትቆይበት መንገድ አልነበረም።

የድሮው ሁሉ ግን መልካም አልነበረም። ለኮሶ ትል ተብሎ በየጊዜው የሚጠጣው ኮሶ ትሉን ያስወጣ ነበር፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰውን ይጎዳ ነበር። ዛሬም ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይዞ የሐኪም ኪኒኑን የሚተው ሰው አለ። ነጭ ሽንኩርቱን እኔ ራሴ እሸጣለሁ፤ ወጥ ያጣፍጣል፤ የደም ግፊት ኪኒንን ግን አይተካም።

በስደት የተለወጠው

ኬንያ የኢትዮጵያ ስደተኛ ስታይ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 በኋላ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ደቡቡን ድንበር ተሻግረው ገብተው ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት በመጀመሪያ ኢሲዮሎ ላይ፣ ኋላም ታቬታ ላይ ካምፕ ሠርቶላቸዋል። እነርሱን የፈጃቸው ረኃብ፣ ወባና ተቅማጥ ነበር።

እኛን የሚገድለን ግን ሌላ ነው። እኛ በወጣትነታችን ብዙ ተጉዘን መጥተን ናይሮቢ ስንደርስ ተቀመጥን። እኔ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከጠዋት እስከ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሌላው በታክሲ መሪ ላይ፣ ሌላው በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የበዓል ምግባችንን የዘወትር አደረግነው፤ ክትፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ይበላል። ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ጥሬ ጤፍ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ በመከልከሉ እንጀራችንን ለብዙ ዓመት ከስንዴና ከበቆሎ ዱቄት ስንቀይጥ ኖረናል። ሽሮው ከአገር ቤት ሲመጣ ጨው ተጨምሮበት የተፈጨ ነው፤ ቤት ሲደርስ ባለቤቲቱ ሌላ ጨው ትጨምርበታለች፤ ማዕድ ላይ ደግሞ ባልየው ሦስተኛ ይነሰንሳል። ሦስቱ ተደምረው ምን ያህል እንደሆነ የሚመዝን የለም።

ልጆቻችንም ተበተኑ። በስደተኞች ማስፈሪያ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ገቡ። እነርሱ ያልፍላቸው ዘንድ የጸለይነው እኛው ነን፤ ጸሎታችን ሲሰማ ብቻችንን ቀረን። በየአፓርታማው ውስጥ በሩን ዘግቶ ስልክ የሚጠብቅ አባትና እናት ስንት እንዳለ ዕቃ የማደርስ እኔ አውቃለሁ።

በዚህ አኗኗር ውስጥ የደም ግፊትና ስኳር ሳያንኳኩ ገቡ። የኅዳር በሽታ ሲመጣ ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ፈንጣጣ ፊት ላይ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 የኬንያም የኢትዮጵያም መንግሥት በአንድ ቀን የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ ሲያስታውቁ ሁላችንም በራችንን ዘጋን። የደም ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። አይቆረጥምም፣ አያስነጥስም። ብዙ ሰው የሚያውቀው አንጎል ወይም ልብ ወይም ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ ነው። እኔም ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ማኅበራችን አንድ ቀን ነርሶች ጋብዞ ሲያስለካ እኔ የመጣሁት ወንበር ለማቀበል ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎም ይቀመጡ» አለችኝ ልጅቱ። 170 በ100 ነበር። እኔ ግን አንዳችም ሕመም አልነበረኝም።

ለአስከሬን የፈጠነው እድር

አሁን ልጽፈው የከበደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ዳማ የሚጫወቱ አንድ ታላቅ ወንድማችን ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ጨዋታ አዋቂ፣ የተቸገረን ረጂ ነበሩ። ግማሽ ኪሎ ቡና በዱቤ ይወስዱ ነበር፤ ወር ሲደርስ አንድም ሽልንግ ሳያጎድሉ ይከፍላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ዳማው ፊት ለፊት እንደተቀመጡ አፋቸው ተጣመመ፤ ጠጠሩ ከእጃቸው ወደቀ። በአራተኛው ቀን አረፉ።

በሦስት ቀን ውስጥ አስከሬናቸውን አገር ቤት ለመላክ የተጠየቀውን ገንዘብ ሰበሰብን፤ እንዲያውም ተርፎ ለቤተሰቡ ላክን። ገንዘቡን በየቤቱ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እምቢ ያለኝ የለም። በማኅበራችን ኮርቼ ነበር። ዕቃቸውን ስንሰበስብ ግን ትራሳቸው ሥር ባዶ የኪኒን ካርቶን አገኘን። ከሁለት ወር በፊት አልቆ ነበር። ለጎረቤታቸው «ልጄ ሲልክልኝ እገዛለሁ» ብለው ነበር ለካ። የሰበሰብነው ገንዘብ ያንን ኪኒን ለብዙ ዓመታት ይገዛ ነበር። እኔ በየወሩ የቡናውን ዱቤ ስጽፍ ስለ መድኃኒቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

እድር ክቡር ነገር ነው። በከተማ የተሰበሰበ፣ ከወገኑ የራቀ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ የፈጠረው ጥበብ ነው። ናይሮቢም ላይ ያኖረን እርሱ ነው። ግን እድር መለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኤች አይ ቪ አዲስ አበባን ባስጨነቀ ጊዜ ብዙ እድሮች «ቀብር ብቻ ሰለቸን» ብለው ሕመምተኛ ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ደግሞ ከሞት አፋፍ የተመለሱ ሰዎችን እነዚያው እድሮች አዩ። ደንባቸውን ያሻሻሉት እንደ እኛ ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው።

ምን እናድርግ

ለሚቀጥሉት ሃያ አምስት ዓመታት የምለው ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ወርኃዊ ስብሰባችን ከመጀመሩ በፊት ደም ግፊት እንለካ። መለኪያው ውድ አይደለም፤ የእኔ ሱቅ አንዱን ይሰጣል። ቁጥሩ በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ኪኒን የጀመረም ሰው «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ የተሻለው ኪኒኑን ስለወሰደ ነው።

ሁለተኛ፣ ከእድሩ መዋጮ ጥቂቱ ለሕያው ይለይ። መድኃኒት ያለቀበት አባል ገንዘብ ያዡን በግል ያናግር፤ ስሙ በስብሰባ ላይ አይነሣ። ሰው የሚሞተው በድህነት ብቻ ሳይሆን በይሉኝታም ነውና። የኬንያ የጤና መድን ሥራም ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከቀድሞው ድርጅት ወደ ሶሻል ሄልዝ ኦቶሪቲ ስለተዛወረ፣ ያልተመዘገባችሁ በአዲሱ ተመዝገቡ፤ ስልኩ የሚያስቸግራቸውን ታላላቆቻችንን ወጣቶቹ ያስመዝግቧቸው።

ሦስተኛ፣ እንራመድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመክራል፤ ይህ በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ለአረጋውያን ደግሞ እንዳይወድቁ ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ይጨመራል። ዋንጋሪ ማታይ ተደብድባ ከግንበኞች ያተረፈችው የካሩራ ደን አጠገባችን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅ፣ አባትና አያት አብረን እዚያ ብንሄድ እግራችንም ይፍታታል፣ ወሬም እናወራለን።

አራተኛ፣ ጨው እንመዝን። በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ፣ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውን ጨምሮ ነው። ጎመን ባናገኝ ሱኩማ ዊኪ አለ፤ ምስሩና ባቄላው እዚሁ ሞልቷል። ነጋዴ ሆኜ «ጨው አትግዙ» ማለቴ ካስገረማችሁ፣ ደንበኛዬ በሕይወት ቢቆይ ይሻለኛል።

አምስተኛ፣ ቡናችንን እንመልስ። በየሕንፃው የቡና ተራ ይኑር፤ የቀረውን ሰው የሚጠይቅ አንድ ልጅ ይመደብ። አያቴን ካኖሯት ነገሮች ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ይህ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። የአያቶቻችን ትውልድ በዐይን ከሚታይ መቅሠፍት ጋር ታግሎ ፈንጣጣን እስከ ናይሮቢ ሸኝቷል። የእኛ ድርሻ ከማይታየው ጋር መታገል ነው። ያ ባዶ የኪኒን ካርቶን ዛሬም በሱቄ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የዱቤ ደብተሬን ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። አሁን ቡና በዱቤ ለሚወስድ ታላቄ ሁሉ «መድኃኒትዎ አለ ወይ?» ሳልል ደብተሩን አልዘጋም። እናንተም በምትቀመጡበት ቦታ ሁሉ እንዲሁ ጠይቁ።

ለሁላችንም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠን። የወርቅ ኢዮቤልዩውን ቆመን የምናከብር ያድርገን።